ሰባት ክብሪት

ኩታይሲ በረዶ ጥሏል፤ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤
የሪዮኒ ወንዝ ብቻ ከድልድዩ ሥር ይሰማል።
እኛ ዘጠኝ ተማሪዎች፣ ካፖርት ደርበን፣ ጓንት አጥልቀን፣
የማቅቫላን ጠረጴዛ እንደ ምድጃ ከበን፣ ተጣብቀን፣
ሥነ ድምፅ እንማራለን።

አንዲት ሻማ አላት፣ አጭር፤
ሰባት ክብሪት በሳጥን ውስጥ፤ ቆጥራ ነው የምትጭር።

«ጓንታችሁን አውልቁ» አለች፣ «ትንሽ ብርድ አይጎዳም፤
ማንቁርት ላይ ጣት አሳርፉ፤ ጆሮ ብቻውን አይረዳም።
‹ዝዝዝ› በሉ። ጣታችሁ ሥር ንብ ገባ? ‹ስስስ› በሉ። ንቡ ወጣ?
ምላስ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ልዩነቱ ከታች መጣ።»

ቤሳሪዮን ከኋላ ሳቀ፤ ብርዱ ጥርሱን ያንገጫግጨዋል፤
«የኔስ፣ መምህርት፣ ያለ ትእዛዝ እስከ ጉልበቴ ይነዝራል።»

የመጀመሪያውን ጫረች።
ሻማዋን ከከንፈሯ ፊት አንድ ስንዝር አስጠግታ
«ካሪ» አለች።
የነበልባሉ ወገብ ተቆረጠ፤ ክፍሉን የጭስ ሽታ
ሞላው። ካሪ በኛ አፍ ነፋስ ነው፤
ግብሩ እንደ ስሙ ነው።

ሁለተኛውን ጫረች፤ ክሩ እንደገና ነፍስ ዘራ፤
«ቃሪ» አለች።
እሳቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሳይርድ፣ ሳይፈራ።
ቃሪ በር ነው።
«ሁለቱም ትናጋ ላይ ይወለዳሉ፤ የምላስ ጀርባ ይገጥማል፤
አንዱ ግን ትንፋሽ አስከትሎ፣ ሌላው ጉሮሮ ዘግቶ ይወጣል።
በር የሚለው ቃል በር አለው፤ እዚህ፣ አንገቴ ውስጥ፣ ይቆለፋል።»

«ል»ን ደግሞ በ«ኢ» ፊት እናቀጥናለን፣ በ«ኦ» ፊት እናወፍራለን፤
ሁለት ድምፅ ነው፤ ማን ቆጠረው? አንድ ነው ብለን እናልፋለን።
ጆሮ ዳኛ ነው፤ ትርጉም ካልተነካ ክስ አይቀበልም፤
በር ነፋስ ሆኖ ከተገኘ ግን በዋዛ ዝም አይልም።
ያቺን ቃል የምታገለብጥ ድምፅ፣ ያቺን ነገረኛ፣
ፎኒም አለቻት ማቅቫላ፤ ጻፍን፣ በደነዘዘ ጣታችን እኛ።

«ፑሪ» አለች፤ ላም ናት፤ ላሚቱ ሻማውን አጠፋች።
ሦስተኛ ክብሪት። «ጱሪ»፤ ዳቦ ነው፤ እሳቷ ጸንታ ቆየች።
«ሁለቱም» አለ ቤሳሪዮን፣ «እኛ ቤት የሉም፤ በምን ይለያሉ?»
ሳቃችን ጭስ ሆኖ ወጣ፤ የሁሉም አፍ፣ የሁሉም።

ተራ በተራ ሞከርን። እኛ አሠልጣኝ ለማለት እንኳ
ስድስት ተነባቢ እንደ ዳቦ ወረፋ የምንደረድር ሕዝብ ነን፤
አናባቢ እስኪመጣ ድረስ ብርድ ላይ እናስቆማቸዋለን።
በየነፋሱ ጨለመ፤ ሦስት ክብሪት ጨረስን።

መጨረሻ ጉራንዳ ደረሳት፤ ከሶኹሚ ሸሽታ የመጣች፣
ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ሦስት ቃል ያልተናገረች።
«ቃሪ።»
ነበልባሉ አልተነቃነቀም። በደንብ ዘግታዋለች።
ከዚያ፣ ቃሉ አልቆ፣ አፏ ገና ሳይከደን፣
አንድ ረዥም ትንፋሽ ወጣ፤ ጨለማው ሸፈነን።
«ሳንቆልፈው ነው የወጣነው» አለች፣
ለማን እንደሆነ እንጃ።

ማቅቫላ አላረመቻትም። ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ አለ፤
የከንፈር፣ የጥርስ፣ የላንቃ፣ እያለ እያለ፤
ለዚያ ትንፋሽ ግን ሳጥን የለ።
ሰባተኛዋን ጫረች፤ ለትምህርት አልነበረም፤
ደረጃውን እንድንወርድባት ነው።

ኋላ ሰው አጫወተኝ፤ በናንተም አፍ ይኸው በር ይዘጋል፤
«ከበረ» ባዩ ጉሮሮውን ቢቆልፍ «ቀበረ» ብሎ ያርፋል።

እኔ ዛሬም በር ስዘጋ መዳፌን ከአፌ ፊት አደርጋለሁ፤
«ቃሪ» እላለሁ።
ምንም አይነካኝም።
እጄን ሳላወርድ ትንሽ እቆያለሁ።